የቶሌሳ ጣት

ቢሊሱማ አዲስ ስልክ ልግዛ አልግዛ ስትል አንድ ክረምት አለፈ። ቅዳሜ ከሥራ ስትወጣ ኦሎምፒያ ትወርድና፣ አንድ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ካለች ጠባብ የስልክ ሱቅ ገብታ፣ መስታወቱ ውስጥ የተቀመጠውን ስልክ አስወጥታ ታገላብጠዋለች። ስለ ካሜራው ትጠይቃለች። ስለ ባትሪው ትጠይቃለች። ከዚያ «እስቲ ላስብበት» ብላ ትሄዳለች። ሌላ ሻጭ ቢሆን ገና ድሮ ፊቱን ያዞርባት ነበር።

የሱቁ ባለቤት አብኔዘር ግን ፊቱን የማዞር አቅም አልነበረውም። እንዲያውም ቅዳሜ ቅዳሜ ሸሚዙን መተኮስ የጀመረው በዚያ ክረምት ነው። ስትገባ ያለ ምክንያት መስታወቱን ይወለውላል፤ ስትወጣ ደግሞ ደረጃውን እስክትጨርስ ጆሮውን ይጥላል።

ጊዜው ሰው ሁሉ ያለውን የሚቀይርበት ነበር። ቪላ የነበረው አፍርሶ ፎቅ ይሠራል፣ ፎቅ ያለው መስታወት ያለብሰዋል፣ ደህና ስልክ የያዘው ሌላ ስልክ ይገዛል። ቢሊሱማ ራሷ የተወለደችበት የቦሌ ቡልቡላ የእርሻ መንደር ኮንዶሚኒየም ሆኗል። ቦሌ ለሚ ካለ የልብስ ፋብሪካ ትሠራለች፤ ከስፌት መኪና የወረደውን ልብስ ስፌቱን በጣቷ እየዳሰሰች ትፈትሻለች። ለውጥ አዲስ የሚሆንባት ሰው አልነበረችም። እጇ ላይ ያለው ስልክ ግን ስክሪኑ ተሰንጥቋል፣ ጀርባውም አብጧል፤ እሷ ደግሞ እንደ ታመመ ልጅ በስካርፍ ጠቅልላ ነው የምትይዘው።

አንድ ቅዳሜ «እውነቱን ንገረኝ፤ መቀየሩ ያዋጣኛል?» አለችው።

አዎ ቢላት ይሸጥ ነበር። ማታለል አልሆነለትም። ለምትደውለውና ለምታነሳው ፎቶ የያዘችው እንደሚበቃት ነገራት። «ባትሪው ግን አብጧል» አለ። «እንዲሁ ከተውሽው አንድ ቀን ይሞታል።»

የመጨረሻዋን ቃል ስትሰማ ስልኳን ከባንኮው ላይ አነሳች።

«ወደ አዲሱ ሁሉም ነገር ይዞራል?»

«ሁሉም። ፎቶው፣ ቁጥሩ፣ መልእክቱ፣ ድምፁ።»

«ጣትስ?»

አብኔዘር ፈገግ አለ። የጣት አሻራ ከስልኩ እንደማይወጣ፣ አዲሱ ላይ ጣቷን እንደገና ብታስነካው እንደሚበቃ አስረዳት። እሷ ግን አልሳቀችም። «የእኔን አይደለም» አለች። ከዚያ የነገረችው ይህን ነው።

ስልኩን የገዛላት ቶሌሳ የሚባል የመንደሯ ልጅ ነበር፤ እጮኛዋ። የሕንፃ ኤሌክትሪሽያን ነበር። ከካርቶኑ እንዳወጣው «እስቲ ይሠራ እንደሆን» ብሎ መጀመሪያ የራሱን አውራ ጣት አስገባ፤ ቀጥሎ የእሷን። ዓመት ሳይሞላው ከሚሠራበት ሕንፃ መወጣጫ ላይ ወድቆ ሞተ። የእሷን የጣት አሻራ ደግሞ የፋብሪካው ሻካራ ጨርቅ በላው። የፋብሪካው የመግቢያ ማሽን አያነባትም፤ ስልኩም አያነባትም፤ በቁጥር ነው የምትከፍተው።

«ስልኩ እኔን ረስቶኛል» አለችው። «እሱን ግን ያስታውሰዋል። ፎቶ ፎቶ ነው። ከገላው የቀረኝ ይሄ ብቻ ነው።»

አብኔዘር ስልክ ሲሸጥና ሲጠግን የሰው ሚስጥር ብዙ አይቷል፤ ለሞተ ሰው ጣት ብሎ ስልክ የሚያስታምም ሰው ግን አላጋጠመውም። በመጨረሻ አዲሱን ወደ መስታወቱ መለሰና፣ አትቀይሪው፣ ባትሪውንና ስክሪኑን እኔ እለውጥልሻለሁ አላት። እሷም መክፈቻ ቁጥሩን ነግራው፣ ውስጡን እንዳይነካባት አደራ ብላ ሰጠችው።

ጠጋኞች ስክሪን ከለወጡ በኋላ ሁሉንም ነገር የመሞከር ልማድ አላቸው፤ ድምፁን፣ ካሜራውን፣ አሻራውን። አሻራውን የሚሞክሩት የራሳቸውን ጣት አስገብተው ነው፤ ሲሠራ መልሰው ያጠፉታል። አብኔዘር ሌላውን ሁሉ ተጠንቅቆ ሠራ። እጁ ግን ከልማዱ ጋር ሄደ፤ ትዝ ያለው ጣቱን ካስገባ በኋላ ነው። ደንግጦ ከታች ያለውን ጣት አጠፋ፤ በሚያውቃቸው ስልኮች ሁሉ የመጨረሻው የሚሰለፈው ታች ነዋ። ተርፌያለሁ ብሎ ተነፈሰ።

ስልኩን ስትረከብ ውስጡን ከፍታ አየች። ሁለት ጣት አለ። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ በስሙ ጠራችው፤ «አመሰግናለሁ፣ አብኔዘር» ብላ።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ የሁለቱ ሆነ። ሱቁን ቀደም ብሎ ይዘጋል፤ በእግራቸው ወደ ቦሌ መንገድ ይወጣሉ፤ አንድ ጁስ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጠው አቮካዶ ይጠጣሉ። እሱ ያወራል፣ እሷ ታዳምጣለች። አንዳንዴ ዓይኗ ፊቱ ላይ ይቆያል፤ እሱም የጀመረው ወሬ ይጠፋበታል። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጠው ፊቱን አትደፋውም። ማንም ሳይደውል አልፎ አልፎ ብልጭ ይላል፤ ያን ጊዜ ሁለቱም ያዩታል። አብኔዘር ወደ እሷ ጠጋ ማለት ሲያምረው መጀመሪያ የሚያየው ስልኩን ነበር። ሰው ያለበት ቦታ መቀመጡ ይሰማዋል።

አንድ ቀን እጇን ልትታጠብ ስትነሳ ቀሚሷ ጠረጴዛውን ነካው፤ ስልኩም ተንሸራተተ። አብኔዘር ከመውደቁ በፊት ቀለበው። ቀጥ ሲያደርገው አውራ ጣቱ ከጀርባው ማንበቢያ ላይ አርፎ ነበር። ስልኩ ተከፈተ። ከመስታወቱ ስር ቢጫ የሥራ ቆብ ያደረገ ወጣት ሳቀለት።

ቀና ሲል ቢሊሱማ አጠገቡ ቆማለች። ይቅርታ ሊላት አፉን ከፈተ። እሷ ግን ተቀመጠች።

«ከፈተልህ» አለች ቀስ ብላ። «ከእሱ ሌላ ለማንም አይከፍትም። ከፈተልህ።»

ከዚያ አለቀሰች፤ እያለቀሰችም ነገረችው። ሚስት ባሏ ሲሞት ከል ትለብሳለች። ጊዜው ሲደርስ ዘመድ ተሰብስቦ አዲስ ልብስ ይዞ ይመጣል፤ በቃሽ ብሎ ከሏን ያስወልቃታል። እጮኛ ግን ምንም አይደለችም። ጥቁር ልበሺ ያላት የለም፤ ስለዚህ አውልቂ የሚላትም አልመጣም። «ማን በቃሽ እንዲለኝ እንደምጠብቅ አላውቅም ነበር» አለችው። «እሱን ራሱን ነበር የምጠብቀው።»

በዚያች ሰዓት አብኔዘር ገብቶታል። ስልኩን የከፈተው ሟቹ ሳይሆን የገዛ እጁ እንደሆነ ገብቶታል። በሌላ ቀን ፎቶ እንዲያይ ስልኩን ስትሰጠው ሰርቆ አረጋገጠ፤ በእንዲህ ዓይነቱ ስልክ አዲስ የገባው ጣት ከላይ ነው የሚሰለፈው። ታች የነበረው መጀመሪያ የገባው ነው። ቶሌሳን አጥፍቶ ራሱን በቦታው አስቀምጧል።

ዝም አለ። ለምን ዝም አለ ብሎ የሚፈርድበት ካለ፣ ቢሊሱማን በእነዚያ ቀናት ያላያት ነው። ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ መክተት ጀመረች። ጮክ ብላ መሳቅ ጀመረች። አንድ አመሻሽ መንገድ ሲሻገሩ እጁን ያዘችው፤ ከተሻገሩም በኋላ አልለቀቀችውም። አሻራው የጠፋው ጣቷ እጁ ውስጥ ለስላሳ ነበር። ዕድሜ ልኩን ሲመኘው የኖረውን ነገር አግኝቶ፣ የያዘው የሌላ ሰው ዕቃ እንደሆነ ያውቃል።

ሌላም ነገር መጣበት። ቦሌ ዙሪያ ሕንፃ የማይሠራበት ቦታ አልነበረም። በየመወጣጫው እንጨት ላይ የቆመ ሠራተኛ ሁሉ ሥራውን ትቶ ቁልቁል እሱን የሚያይ መሰለው። ቢጫ ቆብ ካየ መንገድ ይቀይራል። ሱቅ ውስጥ ብቻውን ሲሆን ጣቱን ሱሪው ላይ ይጠርጋል፤ ምንም አልነካውም።

መስከረም እንደገባ ቢሊሱማ ቅዳሜ ሳትጠብቅ መጣች። ፊቷ በርቷል። ያንን የመስታወት ውስጥ ስልክ አውጣልኝ አለችው። «አሰብኩበት፤ ልቀይር ነው። እሱ ከፈቀደ እኔ የማልፈቅድበት ምን ምክንያት አለ?»

አብኔዘር ስልኩን አወጣው፤ ባንኮው ላይ አስቀመጠው፤ እጁን ከላዩ ማንሳት አቃተው።

«አልፈቀደም» አላት። «እኔ ነኝ።»

ሁሉንም ነገራት። ልማዱን፣ ድንጋጤውን፣ የታችኛውን ጣት። ቢሊሱማ ሳታቋርጥ ሰማችው።

«መቼ አወቅህ?»

«ጁስ ቤት። ያን ዕለት።»

«እኔ እያለቀስኩ።»

«አዎ።»

ስልኳን ከቦርሳዋ አወጣች። ጣቷን ማንበቢያው ላይ አደረገች። አልከፈተላትም። እንደገና ሞከረች። ብትጮህበት፣ ብትሰድበው ይሻለው ነበር፤ እሷ ግን ስልኩን በስካርፏ ጠቅልላ፣ ሰላም ሳትለው ደረጃውን ወረደች። አብኔዘር ጆሮውን ጥሎ ነበር፤ እርምጃዋ አልተሰማውም።

ደወለላት፤ አላነሳችም። ከዚያ ደግሞ መደወሉን ተወው፤ በዚያ ስልክ ላይ ስሙ ብቅ ማለቱ ራሱ ድፍረት ሆኖ ታየው። አዲሱን ስልክ የጠየቀውን ሰው ሁሉ ተሽጧል እያለ መለሰ። መስቀል አለፈ። ሸሚዝ መተኮሱን ተወ። ትመጣ በነበረበት ሰዓት ሁሉ በሩን ያያል፤ በሩ ላይ ግን የሚታየው ፊት ለፊት የሚሠራው ሕንፃና እንጨቱ ላይ የቆሙት ሰዎች ናቸው።

ኅዳር ላይ አንድ ቀን ከሰዓት፣ ነጭ ነጠላ የለበሱ ሴትዮ ግድግዳውን እየተደገፉ ደረጃውን ወጡ። ከኋላቸው ቢሊሱማ ነበረች። ዓይኗን አላነሳችም። ወንበር ሰጣቸው፤ አልተቀመጡም።

«ደሪቱ እባላለሁ» አሉት። «የቶሌሳ እናት ነኝ።»

አብኔዘር ከባንኮው ጀርባ ወጥቶ ፊታቸው ቆመ። ምንም ቢሉት ይገባኛል ብሎ ጠበቀ።

«እጅህን አምጣ» አሉት። ቀኝ እጁን ዘረጋ። አውራ ጣቱን ይዘው አገላብጠው አዩት። እጃቸው ጠንካራ ነበር፤ ያረሰና ያጨደ እጅ።

«በዚህ ነው?»

«አዎ፣ እማማ። እኔ ነኝ ያጠፋሁት።»

«አንተ አይደለህም» አሉ አዴ ደሪቱ። «የልጄን ጣት ያጠፋው አፈር ነው። እኔ ራሴ ቆሜ አይቻለሁ። አንተ የነካኸው ስልክ ነው።»

ጣቱን አልለቀቁትም። «ቢሊሱማ ከሱቅህ ወጥታ ወደ እኔ ነው የመጣችው» አሉት። «ደጃፌ ላይ ወድቃ፣ ቶሌን አጠፉብኝ ብላ እንደ መርዶው ቀን አለቀሰች።» እሳቸው ለልጃቸው ከል ለብሰው፣ ጊዜው ሲደርስ ጎረቤት መጥቶ አስወልቋቸዋል። ይህች ልጅ ከል ለብሳ እንደኖረች ግን አላዩም፤ በዓይን የሚታይ ጥቁር አልነበራትም። «በየበዓሉ ትመጣለች፣ ትስቃለች፣ ዕቃ ታጥባለች። ደህና ናት ብዬ ነበር» አሉ። እዚህ ላይ ድምፃቸው ተሰበረ፤ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

ከዚያ ወደ መስታወቱ ዞሩ። «የትኛው ነው ስታየው የከረመችው?»

አብኔዘር አወጣው። ዋጋውን ሲጠይቁት እንደ ስጦታ እንዲወስዱለት ለመናቸው። አዴ ደሪቱ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ከል ማስወለቂያ በነጻ አይወሰድም። ልብስ እንዳልገዛላት ጥቁር አልለበሰችም። ያለቀሰችው በስልክ ነው፤ የማስወልቃትም በስልክ ነው።» ከመቀነታቸው ፈተው ከፈሉ።

አዲሱን ስልክ በሁለት እጃቸው ይዘው ቢሊሱማ ፊት ቆሙ። «በቃሽ፣ ኢንተላ ኮ፣ የኔ ልጅ» አሏት። «ልጄን በደንብ አልቅሰሽዋል። በቃሽ።»

ቢሊሱማ ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች። አሮጌውን ስልክ ከነስካርፉ አውጥታ ሰጠቻቸው፤ እሳቸውም ሳይከፍቱት ብብታቸው ውስጥ አስገቡት። ስትነሳ አብኔዘርን አየችው። ቁጣ አልነበረባትም፤ ፈገግታም አልነበረባትም። እሱም ዓይኑን አልሰበረም። ይህን ያህል ጊዜ ተያይተው አያውቁም።

«ዋሽተኸኝ ብትቀር ምንም አላውቅም ነበር» አለችው።

«እኔ አውቅ ነበር።»

አዴ ደሪቱ ደረጃው ጋ ሲደርሱ ዞር አሉ። «ሽማግሌ የምትልክ ከሆነ» አሉት፣ «ወደ እኔም ቤት ላክ። ይህች ልጅ ሁለት ቤት ነው ያላት።»

ጥር ላይ ሽማግሌዎች ወደ ሁለቱም ቤት ሄዱ። የቢሊሱማ ወላጆች ቤት ነገሩ እንደ ወጉ አለቀ። ከአዴ ደሪቱ ቤት የመጡት ሽማግሌዎች ግን ግራ ተጋብተው ነበር የተመለሱት። ፈቅደዋል አሉት፤ ነገር ግን ልጁ ራሱ ይምጣና ለቶሌሳ ይንገረው ብለዋል።

አብኔዘር ሸሚዙን ተኩሶ ቡልቡላ ሄደ። ሳሎኑ ውስጥ ትልቅ ፎቶ ተሰቅሏል፤ ያው ሳቅ ነው። ጫማውን በሩ ላይ አውልቆ ገባ። አዴ ደሪቱ የቢሊሱማን ክንድ ይዘው ወጡ፤ በሩንም በሁለቱ ላይ ዘጉት።

ሴቶቹ ውጭ ቁጭ ብለው ጠበቁ። አውሮፕላን ከላያቸው ዝቅ ብሎ አለፈ። አብኔዘር ሲወጣ ዓይኑ ቀልቶ ነበር። ለቶሌሳ ምን እንዳለው ቢሊሱማ እስከ ዛሬ አልጠየቀችውም።