አራተኛው መስመር

«ቀዩን አቀብዪኝ፣ ኢንታላ፣ የኔ ልጅ። አይ፣ ያን አይደለም፤ ጥቁር ቀዩን።»

ሰልማ ጣሳውን ወደ መሰላሉ አነሳች። ቀለሙ ጣቶቿ ላይ ፈሰሰ። መሰላሉ ላይ የቆመችው አክስቷ ረቢአ ግን ዓይኗን ከግድግዳው አልነቀለችም። ሁለተኛውን መስመር ጨርሳ ሦስተኛውን ይዛለች።

ሰልማን ያስጨነቃት ጣጣ የመጣው ከአንድ ውድድር ነው። የትምህርት ቤቱ ሥነ ጽሑፍ ክበብ «የከሚሴ ባለታሪኮች» በሚል ርዕስ ተማሪዎችን አወዳደረ፤ ያሸነፈው ጽሑፍ መግቢያው ግድግዳ ላይ ይጻፋል ተባለ። ሰልማ ስለ አባቷ እህት ጻፈችና አሸነፈች። ለግድግዳው ሥራ የተጠራችውም በከተማው ካለው ባጃጅና ሱቅ ግማሹን የቀባችው ታፔላ ጻፊ፣ ራሷ ረቢአ ሆነች።

ረቢአ በልጅነቷ አዲስ አበባ ሄዳ ከሁለት ሴት ጓደኞቿ ጋር ፐንክ የሚባለውን ጩኸታም ሙዚቃ ጀምራ ነበር። ዘፈኖቻቸው ከሁለት ደቂቃ አይበልጡም። አንዱ መብራት እያጠፋ ስለሚያስቸግር አከራይ፣ ሌላው ደሞዟን ስለተከለከለች የቤት ሠራተኛ ነበር። የካሴቶቹን ሽፋን አንድ በአንድ በእጇ የሣለችው እሷ ናት፤ ሁለት መቶ ካሴት፣ ሁለት መቶ የተለያየ ሥዕል። ዛሬ እነዚያን ሽፋኖች ፍለጋ ከውጭ አገር ሳይቀር የሚደውሉላት አሉ። ሰፈሩ ግን እስካሁን «ያቺ ያበደችው» ይላታል። የሰልማ አያትም እስኪሞቱ ድረስ ቤት ውስጥ ስሟን አላስነሱም።

ሰልማ የፈለገችው የሰፈሩን አፍ ማዘጋት ነበር። ስለዚህ አራተኛው መስመር ላይ «በሥዕል ትምህርት በዲፕሎማ በማዕረግ ተመርቃለች» ብላ ጻፈች። ረቢአ አሥረኛ ክፍልን እንኳ አልጨረሰችም።

«አዳዳ፣ እስከ ታች አላነበብሽውም እንዴ?» አለች ሰልማ፤ የአባቷን እህት የምትጠራት በኦሮምኛው እንዲህ ነው።

«እኔ ቀድሜ አላነብም። ልቤ ከቀደመ እጄ ይቸኩላል።» ረቢአ ሳቀች። «ሉካንዳ ቤቱ ‹አንደኛ ሥጋ› ብለሽ ጻፊልኝ አለኝ፤ ጻፍኩለት። በማግስቱ ሰው ሁሉ ‹በሬው እኮ ሽማግሌ ነበር› ይለኛል። ወላሂ፣ እኔ በሬውን የት አውቄው!»

ሰልማ መሳቅ አቃታት። ከበሩ በኩል ስለ አያቱ ጽፎ በውድድሩ ሁለተኛ የወጣው ቶፊቅ መጣ።

«ሰልሚ፣ አያቴ ሰንበቴ ገበያ ስንት ግመል የሸጠ ሰውዬ በአክስትሽ ጩኸት ይበለጥ?»

«ተበለጠ፤ ቻለው!» አለች ረቢአ ከላይ። ቶፊቅ እየሳቀ ሸሸ።

ረቢአ ሦስተኛውን መስመር ጨርሳ ወረደች፤ መሰላሉን ጠጋ አድርጋ ተመልሳ ወጣች። በኖራ የተነከረውን ሲባጎ ወጥራ ለአራተኛው መስመር ምልክት ጣለች። ወረቀቱን ከኪሷ አውጥታ ዓይኗን አጥብባ አነበበች። ደግማ አነበበች።

«በማዕረግ!» አለች ቀስ ብላ። «ሱብሃነላህ፣ ይቺ ሴትዮ ማን ናት?»

«አዳዳ፣ እኔ…»

«የኔ ታሪክ አንሶ ነው?»

«አላነሰም። ሰዎቹ እንዳይስቁብሽ ብዬ ነው።»

«ስቀዋል እኮ። ሃያ አምስት ዓመት ስቀው ደክሟቸዋል።» ረቢአ ከመሰላሉ ወርዳ ታችኛው እርከን ላይ ተቀመጠች። «እኔ ደንበኛ ያዘዘኝን ነው የምጽፈው። ዛሬ ደንበኛዬ አንቺ ነሽ። ይጻፍ ካልሽ እጽፋለሁ። ይሄ ግን የዘይት ቀለም ነው፤ ዝናብ አያጥበውም።»

ብሩሿን በቲነር ማጠብ ጀመረች።

ሰልማ ወደ ግድግዳው ቀና አለች። እውነቱን ከተናገረች ጽሑፉ ሊነሳ ይችላል። በቦታው የቶፊቅ አያት ይገባሉ፤ ሰፈሩም የሚስቅበት አዲስ ወሬ ያገኛል። ዝም ካለች ደግሞ አክስቷ የማታውቃትን ሴት በገዛ እጇ ትጽፋለች።

ጣሳውን መሬት ላይ አስቀምጣ ወደ መምህራን ክፍል ሄደች።

የሥነ ጽሑፍ ክበቡ ኃላፊ መምህር ባንተይርጋ ፈተና እያረሙ ነበር።

«ቲቸር፣ አራተኛው መስመር ውሸት ነው። እኔ ነኝ የፈጠርኩት።»

«ዲፕሎማው?»

«የለም። ትምህርቷን ያቋረጠችው አሥረኛ ክፍል ላይ ነው።»

መምህሩ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ሰልማ፣ ዳኞቹ ይህን ሲሰሙ ‹ይነሳ› ሊሉ ይችላሉ። ግድግዳው ለቶፊቅ ይሆናል። ገብቶሻል?»

«ገብቶኛል።»

«እሺ። እነግራቸዋለሁ።» እስክሪብቷቸውን አነሱ። ሰልማ ግን ከበሩ አልተንቀሳቀሰችም። «ሌላ አለ?»

«አለ።» ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ቢነሳም ይነሳ። ግን ሳልጽፍ የቀረሁትን ልንገርዎት። አክስቴና ጓደኞቿ መጀመሪያ መድረክ ላይ የወጡ ቀን ሰዉ ‹ውረዱ! ውረዱ!› እያለ የውሃ ፕላስቲክ ወረወረባቸው። የጊታሯ አንድ ክርም ተበጠሰ። አዳዳ ግን…»

መምህሩ የፈተናውን ወረቀት ወደ ጎን ገፉት።