የተደበቀው ጫማ

«ባለባጃጁ ሙሜ ምን አለ?» የሳጂዳ አባት አብዱረዛቅ ከፍራሹ ላይ አንገቱን አሰገገ።

«በሰልፍ ምክንያት መንገድ ተዘግቷል፤ ባጃጅ አያልፍም አለ።» ሳጂዳ ስልኳን አስቀመጠች። የበረኛ ማሊያዋን ለብሳ፣ ፎጣዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ጨርሳለች። የትምህርት ቤቷ የሴቶች እግር ኳስ ቡድን ለፍጻሜ ሲደርስ ይህ የመጀመሪያው ነው። ከጠዋት ጀምሮ እህል አልዋጥላት ብሏል።

አብዱረዛቅ መልሶ ጋደም አለ። «በቃ ሂጂ። ሲጨበጨብ ከዚሁ እሰማለሁ።»

አባቷ በሚኤሶ ገበያ የታወቀ የግመል ደላላ ነበር። ልቡ ደክሞ ሆስፒታል ከተኛ ወዲህ ግን ሰባት ወር ሙሉ ከቤት እስከ ግቢው በር ካልሆነ በእግሩ አልሄደም። ሲስተር የምሥራች በክትትሉ ቀን ሁሉ ትነግረዋለች፤ «ቀስ እያሉ ይራመዱ። እያወሩ መሄድ ከቻሉ ልብዎ ችሎታል ማለት ነው። ደረትዎን ካመመዎት ወይም ትንፋሽ ካጠረዎት ይቁሙ።» እሺ ይልና ከበሩ ላይ ባጃጅ ይሳፈራል። ሰፈሩም አይለቀው። መስጊድ ልሂድ ብሎ ሁለት እርምጃ ሲራመድ አንድ ባጃጅ ከች ይላል። «ጋሽ አብዱረዛቅ፣ ምን ሆነው ነው? ይግቡ እንጂ!» በነጻ ነው ደግሞ።

ከሁሉም የባሰችው ሳጂዳ ናት። በእግሩ እንዳይወጣ የመንገድ ጫማውን አልጋዋ ስር ደብቃለች። ሲስተር «ይራመዳሉ?» ስትላት ደግሞ «በየቀኑ!» ብላ እርፍ። አባቷም አላጋለጣትም። ሁለቱም ፈርተዋል። መንገድ ላይ ልቡ ቀጥ ብትልስ?

ከሜዳው በኩል ጥሩምባ ተነፋ። ሳጂዳ ተንበረከከችና ጫማውን ጎትታ አወጣች።

«አባ፣ ተነስ። ሱታ ሱታ፣ ቀስ እያልን እንደርሳለን። አንተ ብቻ አፍህን እንዳትዘጋ።»

ጫማውን አየ፤ እሷን አየ። «እዚያ ነበር እንዴ?» አለና «ቢስሚላህ» ብሎ እግሩን ከተተ።

ወጡ። «አውራ!» አለችው።

«እሺ! አንድ ቀን ሚኤሶ አንድ ግመል መጣ። ዋላሂ፣ ግመል ብልሽ ግመል...»

በየጥላው ቆም እያሉ ሄዱ። ድምፁ ይቆራረጣል እንጂ አልጠፋም። ሳጂዳን ደስታ አላስቆም አላስቀምጥ አላት።

ድንገት ዝም አለ። ቆመ። በፎጣዋ ስር እጇን ይዞ ጣቶቿን ጨመቀ።

ሳጂዳ ዞራ ፊቱን አየች። «አባ! አመመህ? አናግረኝ!»

አብዱረዛቅ በሳቅ ፈነዳ። «ግመል ሲሸጥ ዋጋ በአፍ ይጠራል እንዴ? በጨርቅ ስር፣ በጣት ነው! ዋጋ ሰጥቼሽ ነው።»

«አቦ፣ አንተ ደግሞ! ልቤን አቆምካት እኮ!»

«የኔ እየሄደች ያንቺ ትቆማለች?»

ሜዳው በር ላይ ሲስተር የምሥራች የመጀመሪያ እርዳታ ቦርሳዋን ይዛ ቆማለች። «ጋሽ አብዱረዛቅ! በእግርዎ መጡ? አያችሁ፣ በየቀኑ መራመድ እንዲህ ነው!» ወንበር አቀረበችለት።

የሳጂዳ ፊት ጋለ። ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም።

«ሲስተር፣ ያኔ ውሸቴን ነበር። የመጀመሪያ ቀኑ ዛሬ ነው።»

የምሥራች ተራ በተራ አየቻቸው። «ነገስ?»

አብዱረዛቅ ወደ ልጁ ዞረ። በፎጣው ስር የሳጂዳን እጅ ፈልጎ አምስቱን ጣቶቿን አንዴ ጨበጠ።

«በቀን አምስት ደቂቃ? አባ፣ አትቀልድ!» እሷም የእሱን ሁለት ጊዜ ጨበጠች። አስር።

አሰብ አደረገ፤ ከዚያ መዳፉን ዘረጋ። ሳጂዳ ጯ አድርጋ መታችው። ግብይቱ አለቀ።

ፊሽካው ተነፋ። ጓንቷን እያጠለቀች ወደ ጎሏ ሮጠች። «በርቺ የኔ ልጅ!» የሚለው የደላላ ድምፅ ከኋላዋ ተከተላት። ዛሬ ቤት ሲገቡ ጫማውን አልጋ ስር አትመልሰውም፤ በሩ ላይ ታኖረዋለች።