ያልደማው ዳክዬ

«የሞቱት ስንት ናቸው?» አለች ኢንስፔክተር ትርሲት፣ ስልኩን በትከሻዋ ደግፋ የጫማዋን ክር እያሰረች።

«ኧረ ማን ቆጥሯቸው!» አለ ከወዲያ ያለው ሰው። «ኩሬውን ሞልተውታል። መሽተትም ጀምረዋል።»

ትርሲት ሁለት መኪና ፖሊስና ሐኪም የያዘ አምቡላንስ አስከትላ ከቆቦ ወደ ዋጃ በሚወስደው አስፋልት ከነፈች። ኩሬው ዳር ስትወርድ የሞተው ሰው አንድ ብቻ ነበር። የቀሩት ወፎች ናቸው።

የደወለው ገበሬ ጌታሁን አንገቱን ደፋ። «የሰውዬውን ነገር ስልኩን ላነሳው ፖሊስ ነግሬው ነበር። እርስዎ የጠየቁኝ ስለ ወፎቹ መስሎኝ...»

ትርሲት አልተቆጣችም። አፍንጫዋን በመሐረብ ይዛ ወደ ውሃው ተጠጋች። ዳክዬዎቹ ሆዳቸው ተነፍቶ በአረንጓዴው አረፋ ላይ ተገልብጠዋል። ዝንቦች በዓይናቸው ላይ ይራመዳሉ። አንድ ሽመላ ጭቃው ውስጥ ተንበርክኮ፣ ምንቃሩን እየከፈተ ቢጫ ነገር ያንጠባጥባል።

የኩሬው ጠባቂ ዘይኑዲን ከግራሩ ሥር በጎኑ ተኝቷል። አፉ ላይ አረፋ ደርቋል። ከአጠገቡ የጠፋ እሳት፣ የተጋጠ የሚመስል የዳክዬ ቅልጥምና የላባ ክምር አለ።

«መርዝ ይመስላል» አለ ሐኪሙ። «ከበላው ወፍ ይሁን ከሌላ ግን ገና አላውቅም።»

ከሰዎቹ ራቅ ብላ የቆመች ሴት ይህን ስትሰማ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎሰጎሰች። የሟቹ እህት ኡሙሃኒ ነበረች።

«ወንድሜ በክት አይበላም» አለች ትርሲት ስትጠጋት። «አሁን ሁሉም የሞተ ወፍ ሰብስቦ በላ እያለ ነው። የሚያጥበው ሰው እንኳ አጣሁ፤ በሽታው ይይዘናል አሉ። በዚህ ስም ልቅበረው?»

«የሚጠጣውስ ከኩሬው ነው?»

«ከኩሬው ለሶላት ውዱእ ብቻ ነው የሚያደርገው። የሚጠጣውን ከቧንቧ በቢጫ ጀሪካን የምቀዳለት እኔ ነኝ።»

ትርሲት ዙሪያውን ቃኘች። ጀሪካን የለም። ሁለት ፖሊሶች በኩሬው ዳር በበቀለው የፊላ ሣር ውስጥ እንዲፈልጉ አዘዘችና ከላባው ክምር አጠገብ ቁጢጥ አለች። የዳክዬው ራስ ከነአንገቱ እዚያው ተጥሏል። ጉሮሮው በስለት ተቆርጧል። ነጩን የአንገት ላባ በእስክሪብቶ ገለጠችው። ከዚያ የሟቹን ጣቶች አንድ በአንድ አሸተተች። ከኋላዋ አንድ ፖሊስ ፊቱን አዞረ።

መጀመሪያ ያነጋገረችው የውሃ ኮሚቴውን ሰብሳቢ ሐጂ ሙዓዊያን ነበር።

«ከዘይኑዲን ጋር ተጣልተው ነበር አሉ?»

«አዎ፣ ወፎቹን አባር ብዬው እምቢ አለኝ» አሉ ሽማግሌው። «እኔም ክፋት አይደለም፤ ውሃውን በኩስ አበላሹት። ድሮ በየረግረጉ ተበትነው ይከርሙ ነበር። አሁን በልግ ቀረ። ክረምቱም ዘግይቶ ይገባና ሳንጠግበው ይወጣል። ረግረጉ ሁሉ ደርቆ በሞተር የሚሞላው ይኼ ኩሬ ብቻ ቀረ። እነሱም ባሕር አቋርጠው መጥተው እዚሁ ላይ ይከመራሉ። ዘይኑዲን ‹እንግዳ ናቸው፣ የት ይሂዱ?› ይለኛል። አላህ ይርሐመው።»

ጌታሁን ደግሞ የገዛ ሐዘን ነበረው። «ጥጃዬ ዛሬ ንጋት ላይ ሞተችብኝ። ማታ ማሳዬን ውሃ ሳጠጣ ከኩሬው ከሚመጣው ቦይ ጠጥታ ነበር።»

«የውሃ ተራው ያንተ ነበር?»

«የኸይረዲን ነበር። ውለታ ልዋልልህ ብሎ ለቀቀልኝ። እኔም መርቄው ገባሁ።»

ኸይረዲን መሬት ተከራይቶ ሽንኩርት የሚያለማ ሰው ነው። ማሳው ጠርዝ ላይ በርጩማ አስወጥቶ፣ በሰንጢ ብርቱካን እየላጠ አገኘችው። ነጭ ሸሚዙ ሽቶ ሽቶ ይላል።

«ነይ ቅመሺ፤ ሽታውን ያስረሳል» አላት ቁራጩን በሰንጢው ጫፍ እያቀረበ።

«ይቅርብኝ። ዘይኑዲንን ምን የገደለው ይመስልዎታል?»

«ወፎቹ ናቸዋ! በሽታ ይዘው መጡ፤ እሱ ደግሞ ሆዳም ነበር። ከነላባቸው በቶሎ ማቃጠል ነው።»

የብርቱካኑ ጭማቂ በአገጩ ወረደ። በመዳፉ ጠረገና መዳፉን ላሰው። ትርሲት ዓይኗን ከሰንጢው ማጠፊያ ላይ ነቅላ መሬት መሬቱን አየች።

ፖሊሶቹ ጀሪካኑን ከፊላው ውስጥ ሲያወጡት ፀሐይዋ አናት ላይ ደርሳ ነበር። ሐኪሙ ክዳኑን ከፍቶ ወዲያው ዘጋው። «ፀረ ተባይ ነው። ሽታው ስስ ነው፤ የጠማው ሰው ልብ አይለውም።»

ትርሲት ሁሉንም ከግራሩ ሥር ሰበሰበቻቸው። ድምፅዋ ዝግ ያለ ስለሆነ ለመስማት ተጠጉ።

«የጌታሁን ጥጃ ወፍ አልበላችም» አለች። «ውሃ ነው የጠጣችው። ስለዚህ ወፎቹ በሽታ አላመጡም፤ ኩሬው ተመርዟል። ዘይኑዲን ግን ኩሬውን አይጠጣም። እሱ የሞተው በጀሪካኑ ነው።»

«ዳክዬውስ?» አሉ ሐጂ ሙዓዊያ። «ሲጠብስ እኮ ነው የሞተው።»

«ጣቶቹን አሸተትኩ፤ ስብ የለባቸውም፣ ጥላሸትም የለባቸውም። ወፉን ያዘጋጀው ሌላ ሰው ነው። ዘይኑዲን ያልታረደ እንደማይበላ ያ ሰው ያውቃልና የወፉን አንገት ቆረጠው። ግን ነጩን ላባ እዩት።» የዳክዬውን ራስ አነሳች። «አንድ ጠብታ ደም የለም። ሐጂ፣ በሕይወት ያለ ወፍ ሲታረድ እንዲህ ይሆናል?»

«ወላሂ አይሆንም!» አሉ ሽማግሌው ቀርበው አይተው። «ይኼ ከሞተ በኋላ የተቆረጠ ነው።»

«ታዲያ ኩሬው መመረዙን ማታውኑ የሚያውቅ ማን ነበር? በዚህ ድርቅ የውሃ ተራውን ለሰው የሚለቅ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ለተራ ወንድማማቾች ዱላ ይማዘዛሉ። አንድ ሰው ግን ተራውን ለጌታሁን ለቀቀ፤ ያ ውሃ ለጋ ችግኙን እንዳያቃጥልበት ፈርቶ።»

ሁሉም ወደ ኸይረዲን ዞሩ።

«ደግነትም ወንጀል ሆነ?» ብሎ ሳቀ።

«ሰንጢዎን ይስጡኝ።»

«አጥቤዋለሁ» አለ ሰንጢውን እያቀበላት። ማንም መታጠቡን አልጠየቀውም ነበር።

ትርሲት ስለቱን አጥፋ ዘረጋችው። ከማጠፊያው ውስጥ ብርቱካን የነካው እርጥብ ላባ በጥፍሯ ጎትታ አወጣች። አመድማ ሆኖ እንደ ጥልፍ የቀጠነ ጥቁር ሞገድ አለበት። ከዳክዬው የደረት ላባ ጎን አስቀመጠችው። አንድ ዓይነት ነበሩ።

«ከዶሮ ነው እንዳይሉኝ» አለች። «እንዲህ ያለ ዶሮ ራያ ውስጥ የለም።»

ኸይረዲን ወደ ኩሬው ምራቁን ተፋ። «ችግኜን ሌሊት እየወረዱ ሲነቅሉብኝ ዝም ልበል? ወፍ እኮ ነው! መርዙን ኩሬው ውስጥ ስጨምር ሲያየኝ ‹ጁምዓ ላይ ለሕዝቡ እናገራለሁ› አለ። ሰው ለወፍ ብሎ ሰውን ያጋልጣል?»

«ለወፍ አይደለም» አለች ኡሙሃኒ። ነጠላዋን ከአፏ አወጣች። «ልጆች ከቦዩ ይጠጣሉ። የጌታሁንም፣ የእኔም።» ከዚያ ወደ ተሰበሰበው ሰው ዞረች። «ሰምታችኋል? ወንድሜ በክት አልበላም።»

ሐጂ ሙዓዊያ ጥምጣማቸውን አስተካክለው እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። «ውሃ ከቧንቧ አምጡ» አሉ። «እኔ አጥበዋለሁ።»

ኸይረዲን እጁን በካቴና ታስሮ ወደ ቆቦ ተወሰደ። ዘይኑዲን ሐኪሙ ምርመራውን ከጨረሰ በኋላ በዚያው ቀን ተቀበረ፤ ወፎቹም ጉድጓድ ተቆፍሮላቸው ኖራ ተነሰነሰባቸው። በማግስቱ ከሰሜን ሌላ መንጋ መጣ። ጌታሁን ወንጭፉን ይዞ ዳር ቆመና ከተመረዘው ውሃ ሲያባርራቸው ዋለ። ይነሱና ይዞራሉ፤ የሚያርፉበት ሌላ ውሃ ስላልነበረ ተመልሰው ይመጣሉ።