ከጓንዡ እስከ ኢዉ

ሽጉጤ ጀፕ በሚባለው የስደተኛ ነጋዴዎች ሰፈር ባለው የብርድ ልብስ መደብሩ ውስጥ፣ ደረጃው ሥር፣ ጭንቅላቱ ተሰንጥቆ ሞቶ የተገኘው ቅዳሜ ጠዋት ነው። መደብሩ ውስጥ የነበረችው ሠራተኛው አማረች ብቻ ናት። ረቡዕ ዕለት ለፖሊስ ሊያስረክቧት የሰፈሩ ሐበሻ ነጋዴዎች የጸሎት ቡድን ሰዎች እዚያው ተሰበሰቡ። የስምንት ወር ልጇን አዝላ ግድግዳው ሥር ቆማለች።

«ልጁን ለመንግሥት ይሰጡታል» አለቻት የቡድኑ መሪ ስሜነሽ። «ሰውየውን ስትገፊው ይህን አላሰብሽም?»

«እህት ስሜነሽ፣ እኔ በፊት ለፊቱ በር ዕቃ እያወረድኩ ነበር። የኋላው በር ሲቆለፍ ሰምቻለሁ።»

«ውሸታም!»

የሟች ሚስት ለምና ያመጣቻት የዓለምወርቅ አልተቀመጠችም። አገር ቤት፣ ሆሳዕና ከተማ ሳለች የፖሊስ መርማሪ ነበረች፤ አሁን መጋረጃ ትነግዳለች። የኋላውን በር ጎንበስ ብላ አየችው። ከውጭ በቁልፍ ብቻ የሚዘጋ ነው።

«ቅዳሜ ተቆልፎ ነበር?»

«አዎ» አለች ስሜነሽ።

«ቁልፉ ስንት ነው?»

«ሁለት። የሽጉጤ ቁልፍ ያን ቀን ቤቱ ቀርቶ ነበር፤ ሚስቱ ታውቃለች። ሌላው የሸሪኩ የወንድም ዱካሞ ነው። እሱ ደግሞ ቻይና ነበር።»

ዱካሞ ጥግ ላይ ለብቻው ተቀምጧል። የሽጉጤን ሞት ሰምቼ ሰኞ ከቻይና መጣሁ ካለ ወዲህ፣ እዚያ የተነሣውን አዲስ በሽታ ፈርቶ ማንም አልጨበጠውም፤ ግራና ቀኙ ያሉት ወንበሮች ባዶ ናቸው።

«ቅዳሜ ለጉዞው ጸልያችሁለታል?» አለች የዓለምወርቅ ወደ ዱካሞ እያየች።

«እንዴታ!» አለች ስሜነሽ። «ከእኛ አንዱ ሲበር ከመሳፈሩ በፊት ይደውላል፤ ወረድኩ ብሎ እስኪደውል እንጸልያለን። እዚያው ቻይና ውስጥ ከጓንዡ ከተማ ወደ ኢዉ ከተማ ሊበር ነበር።»

የዓለምወርቅ የስሜነሽን ስልክ ተቀብላ የዱካሞን የቅዳሜ ጥሪዎች አየች። የመጀመሪያው ጠዋት ሁለት ሰዓት ከአምስት፣ ሁለተኛው ሦስት ሰዓት ከአሥር ላይ ነው።

«ወንድም ዱካሞ፣ በረራው ቶሎ አለቀ።»

«መጋረጃ ሻጭ ስለ በረራ ምን ታውቃለች?»

«መጋረጃውን ከየት የማመጣ መሰለህ? ያንን መንገድ አራት ጊዜ በርሬዋለሁ። አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አየር ላይ ብቻ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ያንተ አንድ ሰዓት ከአምስት ደቂቃ ነው። እሱ ከዚህ ደርባን የሚያደርሰው የአገር ውስጥ በረራ ነው፤ አንተ የምታውቀውም እሱን ብቻ ነው።»

የዓለምወርቅ ዱካሞ ወደ ተቀመጠበት ጥግ ሄደች።

«ፓስፖርትህን ስጠኝ።»

«በሽታው ይይዝሻል!»

«ማን ይነካዋል ብለህ ነው ኪስህ ይዘኸው የምትዞረው» አለችና ባዶ እጇን ዘረጋች። ፓስፖርቱን ገጽ በገጽ ገለጠችው። የቻይና ማኅተም የለበትም። ከደረት ኪሱ የቁልፍ ሰንሰለት ይታያል።

ዱካሞ አንገቱን ደፋ።

«በሽታውን ፈራሁ። ሁላችሁም ሸኝታችሁኝ እንዴት ፈራሁ ልበል? ከከተማው ውጭ፣ ኦሬንጅ ፋርም የሚባል ሰፈር ተደበቅሁ። ቅዳሜ ለጸሎት ስትቀመጡ እዚህ የተውኩትን ሻንጣዬን ልወስድ ገባሁ። ጸሎት ሄዷል ያልኩት ሽጉጤ ግን እዚህ ነበር። ‹ጉድህን ለሁሉም እናገራለሁ› አለኝ። ገፋሁት። ከዚያ ቻይና ነኝ እንድል በስልክ ቶሎ ኢዉ መድረስ ነበረብኝ።»

ስሜነሽ ወደ አማረች ሁለት እርምጃ ተራመደች።

«ይቅር በይኝ፣ እህቴ።»

አማረች የልጇን ማዘያ አጥብቃ አሰረች።

«አየር ላይ ላልነበረ ሰው ከአንድ ሰዓት በላይ ጸለያችሁ» አለች። «እዚህ መሬት ላይ ለወደቀው ማን ጸለየ? ለእኔስ?»

በባዶዎቹ ወንበሮች መካከል አልፋ በፊት ለፊቱ በር ወጣች።