ወደ ታች የወረደው ምልክት

በአዝማሩ ምድር ክረምቱ ሳይገባ ወጣ። ገብሱ ዘለላ ሳያወጣ ደረቀ፤ ከብቱ አለቀ፤ ሰው ሥራሥር ቆፍሮ በላ። የሲራ ሐይቅ አፈገፈገ፤ ጀልባዎቹም በተሰነጠቀ ጭቃ ላይ ተጋድመው ቀሩ።

ጥንት የመጀመሪያው ንጉሥ በበረዶ ተራራ ከምትኖረው ከደመናይቱ አውሬ ከዋግሩ እንቁላሏን በአደራ ተበድሮ ነበር። እንቁላሉ ባለበት ዝናብ ይዘንባል። በሐይቁ ገደል ላይ ምልክት ቀረጸና ማለ፦ «ውኃው ከዚህ በታች ሲወርድ እንቁላሉ መቀዝቀዙ ነውና ለእናቱ እንመልሳለን።»

ከእሱ በኋላ የነገሠ ሁሉ ግን በንግሡ ቀን ውኃውን ባገኘበት ልክ የራሱን ምልክት ቀረጸ። ሕዝቡም የአዲስ ዘመን በረከት ነው እያለ እልል አለ። ምልክቱ ከውኃው ጋር አብሮ ወረደ፤ የመሐላው ቀንም ሳይደርስ ኖረ።

የምድርን ጠባይ የምታጠናው ወጣቷ ዘምራ በገመድ ገደሉን ወጣች። ከሰው ቁመት እጅግ በላይ የሐይቅ ዛጎል ከዐለቱ ጋር ተጣብቆ አገኘች። የድንጋዩን ሽበት ስትፍቅ የመጀመሪያው ምልክት ብቅ አለ። ወርዳም ወደ ንጉሡ ገሰገሰች።

«አባቶቼን አታላዮች ልትያቸው ነው?» አለ ንጉሡ።

«ግርማዊ ሆይ፣ ሐይቁ እስከዚያ ድረስ ሞልቶ እንደነበር ዛጎሉ ይመሰክራል። ውሉ ከፈረሰ ትውልድ አልፏል።»

 ንጉሡ እንቁላሉን ከግምጃ ቤት አስወጣ። «ውሰጂው። ዋግሩ ብትቆጣ ግን መጀመሪያ የምታገኘው አንቺን ነው።»

«ሳላደርሰው ብመለስ ምድር አትቀበለኝ!» ብላ ማለች ዘምራ። 

አብሯት የሄደው ከርቤል የሚባል ሽማግሌ ጦረኛ ነው። እንቁላሉ የተሸካሚውን ሙቀት ይመጥጥ ስለነበር እየተቀባበሉ ተሸከሙት። ዛፍ በሌለበት ሜዳ የትላልቅ ዛፎች ጉቶ አዩ። ከፍ ሲሉም የተቧጨረ ጥቁር ዐለት አገኙ።

«በረዶው እስከዚህ ይደርስ ነበር» አለች ዘምራ። «ድንጋዩን የቧጨረው እሱ ነው።»

«አሁንስ የት ሄደ?»

«ሸሸ፤ እንደ ሐይቁ።»

«ስለ ድንጋይ ስታወሪ ፍርሃትሽን ትረሻለሽ፤ እስቲ ሌላ ድንጋይ ልፈልግልሽ» አለ ከርቤል።

ከዋግሩ ጎጆ ሥር ሲደርሱ ጉሙ ተንቀሳቀሰ። በውስጡ ዓይን ነበረ።  ዘምራ እንቁላሉ ላይ ጆሮዋን ብትለጥፍ የልቡ ምት ሊጠፋ ተቃርቧል።

ከርቤል ካባውን ከፍቶ እንቁላሉን ከባዶ ደረቱ ጋር አጣበቀ።

«ጋሼ ከርቤል፣ ይተዉ! ይገድልዎታል!»

«እኔ በቂዬን ኖሬአለሁ ልጄ፤ ይኼ ገና አልጀመረም።» ጥርሱ ተንገጫገጨ። «ሚስቴ እንኳ እንዲህ አጥብቃ አቅፋኝ አታውቅም።»

 ጢሙ ላይ ውርጭ ጋገረ። ትንፋሹ ሲቆም ቅርፊቱ ተሰነጠቀ።

ዋግሩ ወረደች። ዘምራ ልትዋጥ ዓይኗን ጨፈነች።

«ዘገያችሁ» አለ ከጉሙ ውስጥ የወጣው ድምፅ።

«ዘገየን። ምልክቱን ዝቅ ያደረግነው እኛው ነን። ብትበይኝም ፍርድሽ ቅን ነው።»

አውሬይቱ ጫጩቷን አሸተተች። ቀጥላ ሽማግሌውን አሸተተች፤ በእሱ ላይ ብዙ ቆየች።

«እናንተ ልጄን ወሰዳችሁ፤ ይህ ሰው ግን አሞቀልኝ። ዕዳችሁ ተከፍሏል።»

ጫጩቷን አንስታ በረረች፤ ሰማዩም ከኋላዋ ጠቆረ። የከርቤል እጆች እንቁላሉን ባቀፉበት አኳኋን ደርቀው ቀርተዋል። የመጀመሪያው ጠብታ መዳፉ ላይ ወደቀ። ዘምራ አጠገቡ ተቀምጣ መዳፎቹ በዝናብ ሲሞሉ አየች።