የመተንፈሻው ውታፍ

«ውታፉን ረስተኸው ነው እንጂ ቱቦው ራሱን በራሱ አልወተፈም» አለ የጋራዡ ባለቤት።

«ጋሼ፣ ነቅዬዋለሁ አልኩ እኮ። ነቅዬም ለመጋዘን አስረክቤያለሁ።» መካኒኩ ድምፁ ደክሟል። ጥፋተኛ ከተባለ ሥራውም ነፃነቱም አበቃ።

መርማሪው ፖሊስ በመሀላቸው ቆሞ ጥቁሯን የፕላስቲክ ውታፍ አገላበጣት። አዲስ ቱቦ ከፋብሪካ ሲመጣ አቧራ እንዳይገባበት በሁለቱም አፉ ላይ የሚደረግ ነገር ነው። ይቺ ግን ከከባዱ መኪና የሞተር መተንፈሻ ውስጥ ተገኘች። መኪናው ጠዋት አቀበቱን ሳያጋምስ ነጭ ጭስ እየተፋ ጮኸ። ቁልፉ ተዘግቶም አልቆመም። ሾፌሩ ዘሎ ተረፈ። ሞተሩ ተሰባበረ።

«መተንፈሻው ቢዘጋ ይሄን ያህል?» አለ መካኒኩን።

«የሞተሩ ሆድ በግፊት ይነፋል። አየር ከሚገፋለት ከቱርቦው ወደ ታች የሚመለሰው ዘይት መውረጃ ያጣና በአየር ማስገቢያው ይገባል። ከዚያ ሞተሩ የገዛ ዘይቱን እየጠጣ ያብዳል።»

«ትናንት ሞክረኸው ነበር?»

«አንድ ሰዓት ሙሉ። የዘይት መሙያውን ክዳን ገልብጬ አፉ ላይ አስቀመጥኩት። ቢታፈን ኖሮ ክዳኑ ይዘል ነበር። ንቅንቅ አላለም።»

እንግዲያው ውታፏ የገባችው ከሙከራው በኋላ ነው። መርማሪው ወደ ሾፌሩ ዞረ። ሾፌሩ ብርድ ልብሱን ወደ ሌላ መኪና እየጫነ ነበር፤ ጭነቱ ዛሬውኑ መሄድ አለበት ተብሏል።

«ነፍሴን የጠላሁ እመስላለሁ እንዴ?» አለ።

በጋራዡ ደንብ የተነቀለ ውታፍ ሁሉ ሞተር ከመነሳቱ በፊት ለመጋዘን ይመለሳል። መጋዘኑን የምትይዘው የሾፌሩ ሚስት ናት። መዝገቡ ላይ ሁለት ውታፍ መረከቧን ፈርማለች። መርማሪው መካኒኩንና የጋራዡን ባለቤት አስከትሎ መጋዘን ሲገባ ግን ሚስማሩ ላይ የተንጠለጠለው አንድ ነው።

«ወድቃ ይሆናላ» አለች ቀና ሳትል። ቆይታ ጠየቀች፦ «መኪናው ስንት ቀን ይቆማል አሉ?»

ከጠዋት ጀምሮ ሁሉም የጠየቀው ማን እንዳደረገው ነበር።

«ስንት ቀን እንዲቆም ፈልገሽ ነው፣ እህቴ?»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ሁለት። በወር ሁለት ሌሊት ነው ቤቱ የሚያድረው። ልብሱን አጥቤ ሳይደርቅ ይሄዳል፤ እርጥቡን ነው የማሸክመው። ከግቢው ሳይወጣ ዘይት ያንጠባጥብና ይቆምልኛል ብዬ ነው ማታ የወተፍኩት።»

«ሊሞት ይችል ነበር።»

«ባውቅማ በጥርሴ እነቅለው ነበር።»

በሩ ላይ የቆመው መካኒክ ባዶ ሳጥን ስቦ ተቀመጠ።

«እንዲያው ዛሬን እንኳ ያድራል አይደል?» አለች።

ውጭ ሾፌሩ ብርድ ልብሱን የጫነበት መኪና ወደ ኋላ ብሎ ተስተካከለና በትልቁ በር ወጥቶ ወደ አቀበቱ ታጠፈ።