ጥቁር መስመር ያለው ሮዝ ድንጋይ

ቀጮ ውሃ ልትጠጣ ወደ ቧንቧው ጎንበስ ስትል ከዩኒፎርሟ ኮሌታ ሥር አንድ ነገር ሾልኮ ወጣና በክር ተንጠለጠለ። ሮዝ ድንጋይ ነው። ቶሎ ብላ ወደ ውስጥ መለሰችው።

ከኋላዋ ተራ የምትጠብቀው ሚጣ ግን አይታዋለች።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ምንም። እማዬ የገዛችልኝ ፕላስቲክ ነው።»

ሚጣን በዚህ ማታለል ከባድ ነው። አክስቷ ድንጋይ ቆራጭ ናት፤ ሚጣም ትምህርት ሲዘጋ የምትውለው ወለሉ ሁልጊዜ እርጥብ በሆነው ወርክሾፕ ውስጥ ነው። ብዙዎቹ የከበሩ ድንጋዮች ወደ መብራት ከፍ ሲያደርጓቸው ብርሃን ያሳልፋሉ። ይሄኛው ድፍን ነው። ሮዝነቱ ላይ ቀለም የፈሰሰበት የሚመስል ጥቁር መስመር አለው። አክስቷ «ይሄ ልታይ ልታይ አይልም፤ አንዴ ካየሽው ግን ዓይንሽን አይለቅም» ትላለች።

አክስቷ ለሚጣ የሰጠቻት እንዲህ ያለ ድንጋይ የጠፋው ባለፈው ሳምንት፣ ለስፖርት ልብስ ሲቀይሩ ነው። ቦርሳዋን የጠበቀችላት ቀጮ ነበረች። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ቀጮ ቀጥ ብላ አታያትም፤ ስልኳን ገልብጣ ነው የምታስቀምጠው። ድሮ ተለምና የማትመጣው ልጅ አሁን ሰበብ እየፈለገች እነሚጣ ቤት ትመጣለች። ምን ልትወስድ?

በእረፍት ሰዓት ሚጣ ለክፍል ኃላፊዋ መምህርት ተናገረች።

«እርግጠኛ ነሽ?» አሏት።

«አዎ።»

ሁለቱም ከምሳ በኋላ ቢሮ እንዲመጡ ታዘዙ።

«ሌባ አልሺኝ?» አለች ቀጮ በር ላይ ሲገናኙ።

«እንግዲያው አሳዪኝ።»

ቀጮ ትንሽ አመነታችና ከአንገቷ አውልቃ ሰጠቻት። ከመጠኑ በላይ ይከብዳል፤ ፕላስቲክ አይደለም። መስመሩ የሚጣን ድንጋይ ይመስላል፣ እንደ ቅርንጫፍ ለሁለት ይከፈላል። የሚጣ ግን ወደ ቀኝ ነው የሚያጋድለው። ይሄ ወደ ግራ ነው።

ሚጣ ትዝ አላት። አክስቷ አንዱን ድንጋይ በመጋዝ ለሁለት ስትሰነጥቀው አጠገቧ ነበረች። አንዱ ግማሽ የሌላው የመስታወት ምስል ሆኖ ነበር የወጣው። አንዱ ለሚጣ ተሰጠ። ሌላው በአንድ ክፍል ለሚበልጣት ወንድሟ።

«እሱ ነው የሰጠሽ?»

ቀጮ ጫማዋን እያየች ራሷን ነቀነቀች። «ለማንም እንዳልናገር አስምሎኛል።»

«ለኔም?»

ለካ ቤታቸው የምትመጣው ለሚጣ ብላ አልነበረም። ሰርቃት ቢሆን ይሻል ነበር።

መምህርቷ በሩን ከፈቱ። «እሺ፣ ድንጋዩ የማን ነው?»

ቀጮ አፏን አልከፈተችም። ሌባ መባሉን መርጣለች። ሚጣ በጎን አየቻት። ይሄን ሁሉ ጊዜ የዋሸቻት ልጅ፣ ሌላስ ምን ደብቃ ይሆን?

«የሷ ነው፣ ቲቸር። ተሳስቼ ነው። የኔ መስመሩ ወደ ቀኝ ነው፤ እሱ ገና አልተገኘም።»

መምህርቷ በመነጽራቸው አናት ሁለቱንም ተራ በተራ አዩ። «ሌላ የምትነግሪኝ ነገር አለ?»

«የለም።»

ኮሪደሩ ላይ ቀጮ እጇን ልትይዛት ሞከረች። ሚጣ ድንጋዩን መለሰችላትና እጇን ኪሷ ከተተች።

«ዛሬ ቤት እንዳትመጪ» አለቻት። «መጀመሪያ እሱን ላናግረው።»